ያልዳበስኩት እንግጫ

የናሙና ክፍሉን ቁልፍ ያስረከብኩት ጸሎተ ሐሙስ ዕለት ነው። የተረከበችኝ ልጅ ጨዋ ናት፤ ቁልፉን በሁለት እጇ ነው የተቀበለችኝ። ከዚያ ስልኳን አወጣችና መስኮቱ ሥር የበቀለውን አረም ፎቶ አንስታ፣ «ጋሼ፣ አሁን እኮ ፎቶውን ብቻ ሲሰጡት ስሙን ይነግርዎታል» አለችኝ። መነጽሬን አድርጌ አየሁት። ስሙን በትክክል ጽፎታል።

«ጎበዝ ነው» አልኳት። «ግን ይዳብሳል?»

ሳቀች። የቀለድኩ መስሏት ነው። አልፈረድኩባትም፤ መሥሪያ ቤት ውስጥ የምታወቀው በቀልዴ ነው። ስለ አለቃ፣ ስለ መኪና ብልሽት፣ ስለ ስብሰባ ሲወራ እኔን የሚቀድመኝ አልነበረም። በአንድ ነገር ላይ ብቻ ነው ዕድሜዬን ሙሉ አፌን የዘጋሁት። አሁን ቁልፉንም አስረከብኩ፤ ያላስረከብኩት እሱን ብቻ ነው።

መሥሪያ ቤታችን አዳማ ውስጥ፣ ያኔ ናዝሬት በምንልበት ዘመን፣ ከባቡር ጣቢያው ወረድ ብሎ የነበረ የቆርቆሮ ቤት ነው። ሥራችን ለሰው ሲነግሩት ሥራ አይመስልም። አንድ እርሻ ላይ የማይታወቅ አረም ሲበቅል ይጠሩናል። ሄደን እንነቅላለን፣ አሮጌ ጋዜጣ መሃል አድርገን በካርቶንና በጠፍር አስረን እናደርቃለን፣ ከዚያ ምን እንደሆነና ምን ቢደረግ እንደሚሻል ጽፈን እንልካለን። እናቴ እስክትሞት ድረስ ለጎረቤት «ልጄ መንግሥት ቤት ሣር ያስራል» እያለች ነበር የምትናገረው። ደመወዙም ለሣር አሳሪ የሚበቃ ያህል ነበር፤ እሱን ልተወው።

ወረቀታችን ሁለት ዓይነት ነበር። አንደኛው ወደ እርሻው የሚሄደው ቅጽ ነው፤ እሱ ላይ የሚሰፍረው የክፍሉ ኃላፊ ስምና ፊርማ ብቻ ነው። ሁለተኛው የደረቀው ተክል የሚለጠፍበት የናሙና ወረቀት ነው። እሱ ላይ ተክሉን የቆረጠው ሰው በገዛ እጁ ስሙን፣ ቦታውንና ያየውን ይጽፋል፤ ከክፍሉም አይወጣም። ይህን ልብ በሉልኝ፣ ኋላ ያስፈልጋል።

ኃላፊያችን ጋሽ ገመቹ ነበሩ። ከአርሲ በኩል የመጡ፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው። የኮታቸው ኪስ ሁልጊዜ ዘር ነበረው። እኔ ሥራ የጀመርኩ ዕለት ስሜን እንኳ ሳይጠይቁኝ፣ «ዓይንህን ጨፍን» አሉኝና ሁለት ቀጫጭን አገዳዎች እጄ ላይ አኖሩ። «በአውራ ጣትህና በሌባ ጣትህ መሃል አሹረው። ቀስ ብለህ። ምን አለህ?»

«አንደኛው ክብ ነው» አልኩ። «ሁለተኛው … ይቆረቁራል።»

«ስንት ጊዜ ቆረቆረህ?»

እንደገና አሾርኩት። «ሦስት።»

«ክቡ ሣር ነው። ሦስቱ ቄጠማ ነው። በል ዓይንህን ግለጥ፤ አሁን ስምህን ንገረኝ።»

እንዲህ ነበር የተቀጠርኩት። ከዚያ በኋላ ጋሽ ገመቹ ለበዓል ሰው ቤት ሲገቡ አጎንብሰው ከጉዝጓዙ ላይ አንድ ቄጠማ አንስተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲያሾሩ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ባለቤታቸው እትዬ ወርቄ ያፍሩባቸው ነበር። «ሰው ቤት ገብቶ ጉዝጓዝ የሚለቅም ባል ሰጠኝ» ይሉ ነበር። እሳቸው ግድ የላቸውም። ዓይን ችኩል ነው፣ ጣት ግን አይቸኩልም፣ ይላሉ።

አንድ ቀን መቂ ምሳ በልተን ሙዝ አመጡልን። ሾፌራችን ሰይድ፣ የወሎ ልጅ፣ አብሮን አለ። ጋሽ ገመቹ ሙዛቸውን ልጠው፣ «ታዴ፣ ሙዝ ስንት ክፍል ነው?» አሉኝ።

«አንድ ነዋ፣ ጋሼ።»

የሙዙን ጫፍ በጣታቸው ወደ ውስጥ ገፋ አደረጉት። ሙዙ ከላይ እስከ ታች እኩል ሦስት ቦታ ተከፈለ። አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

«ዕድሜህ ስንት ነው?»

«ሃያ ሁለት።»

«ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የምትበላውን ሳታውቅ በላህ ማለት ነው» አሉኝ። ሰይድ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ በመንገድ በተገናኘን ቁጥር «ሃያ ሁለት» ነበር የሚለኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ የማየው ሁሉ ሦስት ሆነብኝ። የጉሎ ፍሬ ሲፈነዳ ሦስት ክፍል ነው፣ በየክፍሉም አንድ አንድ ፍሬ። ሽንኩርት ዘር ሲይዝ ቋቱ ሦስት ክፍል ነው፣ ጥቁሩ ፍሬም ራሱ ማዕዘን አለው። የመቅመቆን ዘር በጥፍር ብትይዘው ሦስት ስለት ይሰማሃል። ለጋ የቁልቋል ቅርንጫፍም እንደዚያው፤ እሱን ግን አይዳብሱትም፣ ወተቱ ዓይን ያጠፋል። ጋሽ ገመቹ ጴንጤ ስለነበሩ አንዳንድ ሰው ነገሩን ከሥላሴ ጋር ሊያያይዝላቸው ይሞክራል። «ኧረ ተወኝ፣ ይሄ ተክል ነው» ይሉታል። ሃይማኖታቸውን ለሥራ ማሳመሪያ አያደርጉትም ነበር።

በእኛ ሥራ ይህ ሁሉ ጨዋታ አልነበረም። የቄጠማ ዘመድ የሆነው የእንግጫ ለጋና የሣር ለጋ ከላይ ሲያዩአቸው መንታ ናቸው። ልዩነታቸው ከመሬት በታች ነው። ከዘር የበቀለ ሣር በትራክተር ዲስክ ሲገለበጥ ፀሐይ ይመታውና ይሞታል። እንግጫ ግን ሥሩ ላይ ክር እንደገባበት ዶቃ ፍሬ ደርድሯል። ዲስክ ክሩን ይበጣጥስና ተኝቶ የነበረው ፍሬ ሁሉ ይነቃል፣ ውሃ ሲያገኝም እያንዳንዱ ለብቻው ይበቅላል። አበባ ሳያወጣ ሁለቱን ለመለየት አንድ መንገድ ብቻ ነው ያለው። እስከ ሥሩ ትቆፍራለህ፣ አፈሩን ታራግፋለህ፣ የውጩን ቅጠል ትልጥና አንገቱን ታሾረዋለህ። ክብ ከሆነ ሣር ነው። ሦስት ጎን ካለው እንግጫ ነው፤ ዲስክ እንዳይነካው ትጽፋለህ።

ጋሽ ገመቹ በእጃቸው ያልዳበሱትን አይፈርሙም ነበር። ናሙና የታሰረበትን እርጥብ ጋዜጣ በየጠዋቱ የሚቀይሩትም ራሳቸው ናቸው፤ እኔ ልቀይር ስል «ተወው፣ ሰላም ልበላቸው» ይሉኛል። በመሃል መሥሪያ ቤቱ እኔን ለአንድ ዓመት ደብረ ዘይት ላከኝ። እዚያ የነበረው አለቃ ስለ ናሙና የሚጠይቀው ብዛቱን ብቻ ነበር። በጋሪ እየዞርኩ የሐይቅ ዳር ቄጠማ ስሰበስብ ከረምኩና ጋሽ ገመቹ «ታዴ ያስፈልገኛል» ብለው ደብዳቤ ጽፈው አስመለሱኝ። እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ዘመኑን ለማያውቅ ሰው ትንሽ ልናገር። የመንግሥት እርሻዎች ብዙ ምርት ይጠበቅባቸዋል፤ ምርቱ ሲቀር ደግሞ አንድ ሰው መጠየቅ አለበት። «አሻጥር» የምትባል ቃል ነበረች። ትራክተር ቢበላሽ አሻጥር፣ ዘር ባይበቅል አሻጥር። በዚያ ላይ የእነ ጋሽ ገመቹ ጸሎት ቤት ተዘግቶ፣ ሳሎናቸው ውስጥ ከጥቂት ሰዎች ጋር ድምፅ ዝቅ አድርገው ይጸልዩ ነበር። ቀበሌው ያውቃል። እሳቸውም ቀበሌው እንደሚያውቅ ያውቃሉ።

አሁን ወደዚያ ዓርብ ልምጣ።

አልማዝን ለማግባት ሽማግሌ የላክሁበት ቀን ነበር። አባቷ ናዝሬት ገበያ ውስጥ የታወቁ፣ ፊታቸው የማይፈታ ነጋዴ ናቸው። የሽማግሌዎቹ መሪ ጋሽ ገመቹ ነበሩ። ያን ጠዋት ዓለም ጤና አጠገብ ካለ አንድ የመንግሥት እርሻ መልእክት መጣ። ሽንኩርት ላይ ያልታወቀ አረም በቅሏል፣ በመደቦቹ መሃል ዲስክ ለማስገባት ትራክተር ቆሟል፣ መልስ ዛሬውኑ ይፈለጋል።

«ነገ አብረን እንሄዳለን» አሉ ጋሽ ገመቹ። «ዛሬ ሽማግሌ ነኝ።»

«እኔ ደርሼ እመለሳለሁ፣ ጋሼ። ሽማግሌዎቹ ሳይወጡ እደርሳለሁ።»

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አሉኝ እየሳቁ። ግን ፈቀዱልኝ። ቤት ቁጭ ብዬ የአማቴን መልስ መጠበቅ እንደማልችል ገብቷቸው ይመስለኛል።

እርሻው ላይ ስደርስ መሬቱ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ለመቆፈር ዶማ ያስፈልጋል፣ ዶማ ለማምጣት መጋዘን ድረስ መሄድ ያስፈልጋል። ሐሳቤ ሁሉ አልማዝ ቤት ነው። አረሙን አየሁት፤ ቀጭን ቅጠል፣ ለጋ። ዓይኔ ሣር ነው አለኝ። በካራ ከአፈሩ ላይ ቆረጥኩት። አንገቱ እዚያው አፈሩ ውስጥ ቀረ፤ ከአንዱ ጋር ብቻ ትንሽ ተመዞ ወጣ። ጋዜጣ መሃል አስገባሁትና የናሙና ወረቀቱን በላንድሮቨሩ ኮፈን ላይ ዘርግቼ ስሜን ጻፍኩበት። ከሥሩም «ሣር፤ ከዘር የበቀለ። በዲስክ ይገልበጥ» ብዬ ጨመርኩ፤ ወደ እርሻው የሚሄደውንም ቅጽ እንደዚያው ሞላሁት። ሰይድ ከመኪናው ውስጥ ሰዓቱን እያየ ነበር። አላሾርኩትም። እነሆ ተናገርኩት፤ አላሾርኩትም።

ናዝሬት ስንገባ ሽማግሌዎቹ ከአልማዝ ቤት እየወጡ ነበር። ጋሽ ገመቹ ሲያዩኝ እጃቸውን ዘረጉ። «ሰጥተውሃል» አሉኝ። ግራ ቀኝ ሳሙኝ። እንባ አውጥቼ አለቀስኩ። ሰይድ ቅጹን ዛሬ ካላስፈረመ ነገ ማለዳ እንደማያደርስ አስታወሰኝ። አወጣሁና ሰጠኋቸው። ናሙናው መኪናው ውስጥ ታስሯል።

ብዕራቸውን ይዘው ቀና አሉ። «ዳበስከው?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

ፈረሙ። እሳቸው ያልዳበሱትን የፈረሙት ያን ዕለት ብቻ ነው። የፈረሙት በእኔ ቃል ነው። ለምን ዋሸሁ? ደስ ብሎኝ ነበር፤ ደስታዬን ማቋረጥ አልፈለግሁም። ሌላ ምክንያት ፈልጌ አጥቻለሁ።

ሰኞ ጠዋት ጋሽ ገመቹ እንደ ልማዳቸው ጋዜጣ ይቀይራሉ። እኔ ጠረጴዛዬ ላይ ነኝ። ድምፃቸው ሲጠፋ ቀና አልኩ። ያቺን አንገቷ ተመዛ የወጣችውን ለጋ በሁለት ጣታቸው ይዘው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆመዋል። ረጅም ጊዜ ቆሙ። ከዚያ መልሰው አስቀመጧት፣ ኮታቸውን ለበሱ፣ ሰይድን ጠርተው አንድም ቃል ሳይነግሩኝ ወጡ።

ከሰዓት በኋላ አቧራ ለብሰው ተመለሱ። ወንበራቸው ላይ ተቀመጡና ውሃ ጠጡ።

«ታዴ፣ ገልብጠውታል» አሉኝ። «ውሃም ለቀውበታል።»

ምኑን ብዬ አልጠየቅኩም። እሳቸውም «ዋሸኸኝ» አላሉኝም። ቢሉኝ ኖሮ ይቅርታ እጠይቅ ነበር፣ ነገሩም ምናልባት ያኔውኑ ይወጣልኝ ነበር። ለእርሻው ሥራ አስኪያጅ ግን ሳይደብቁ ነግረውት መጥተዋል። «ተሳስተናል፣ እንግጫ ነው፣ ውሃውን ዝጉ» ብለውታል። ይህን እውነት መናገራቸው ነው በኋላ «ራሱ መጥቶ ያመነ» ተብሎ የተጻፈባቸው።

ጥቂት ሳምንታት አለፉ። የእኔ ሠርግ እየተቃረበ ነው። አንድ ጠዋት ሁለታችንንም ወደ እርሻው ጠሩን። ሽንኩርቱ አይታይም። መስኩ ከዳር እስከ ዳር ለምለም ነው፤ ለማያውቅ ሰው ደስ የሚል አረንጓዴ። ሠራተኞቹን በረድፍ አቁመዋቸዋል። ሥራ አስኪያጁና ከናዝሬት የመጣ ካድሬ መሃል ላይ ቆመዋል። ካድሬው አንዱን ነቀለና ለጋሽ ገመቹ ሰጣቸው።

«ጓድ ገመቹ፣ ይሄ ምንድነው?»

እሳቸው እዚያም ሆነው ዓይናቸውን ጨፍነው አሾሩት። «እንግጫ ነው።»

«ወረቀቱ ግን ሣር ይላል።»

«ስህተት ነው።»

«ናሙናውን የቆረጠው ማነው?»

እኔ ከእሳቸው በስተግራ፣ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበርኩ። ያን ጊዜ አንድ ጊዜ አዩኝ። የልመና አስተያየት አልነበረም፣ የክስም አልነበረም። ልክ «ዳበስከው?» ሲሉኝ እንደሚያዩኝ ነው ያዩኝ። እኔ ዓይኔን ወደ እንግጫው መለስኩ።

«ክፍሉ የእኔ ነው። ፊርማውም የእኔ ነው» አሉ።

ካድሬው ወደ ሠራተኞቹ ዞረ። «ትላንት የተቀጠረ ልጅ ቢሳሳት ስህተት ነው እንላለን» አለ። «ዕድሜውን ሙሉ ሣር ሲለይ የኖረ ሰው፣ ያውም ቤቱ ውስጥ በምስጢር የሚሰበሰብ ሰው፣ ሣርና እንግጫ ተምታታብኝ ቢል ማን ያምነዋል? ይሄ አሻጥር ነው።»

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነበር። ትላንት የተቀጠረው ልጅ እኔ ነበርኩ። «እኔ ነኝ የቆረጥኩት፣ ሳልዳብስ ነው፣ እሳቸውን ዋሽቼ ነው ያስፈረምኩት» ብል፣ ነገሩ አሻጥር መሆኑ ይቀርና የአንድ ችኩል ልጅ ጥፋት ይሆናል። ምናልባት እኔን ያስሩኝ ነበር፣ ምናልባትም ገሥጸው ያባርሩኝ። አፌ አልከፈት አለ። ጋሽ ገመቹን በመኪናቸው ይዘዋቸው ሄዱ። እኔን ሰይድ መለሰኝ፤ እስከ ናዝሬት ድረስ «ሃያ ሁለት» አላለኝም።

በማግሥቱ የናሙና ሳጥኑን ከፍቼ የእጅ ጽሑፌና ስሜ ያለበትን፣ ያቺ አንገቷ ተመዛ የወጣች ለጋ የተለጠፈችበትን ወረቀት አወጣሁ። ኮቴ ውስጥ ሸጉጬ ቤቴ ወሰድኩት። የሠርግ ጫማዬ በመጣበት ካርቶን ሥር አስቀመጥኩት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ እኔ ሞኝም ነበርኩ፣ ወረቀቱም ነበረኝ።

ሠርጉ አልቀረም። እትዬ ወርቄ፣ ባላቸው ታስረው፣ መጥተው እልል አሉልኝ። «አደራ፣ እኔ ባልኖርም ሂጂለት ብሎኛል» አሉኝ።

በየቀኑ ስንቅ ይዘው እስር ቤት ይሄዳሉ። ከሥራ ስወጣ ሳህኑን ተቀብያቸው አብሬ እሄዳለሁ። በር ላይ ስም እየተጠራ ምግቡ ይገባል፣ ባዶው ሳህን ይመለሳል። ሳህኑ ተመለሰ ማለት ሰውየው አለ ማለት ነው። አንድ ቀን ከባዶው ሳህን ውስጥ የደረቀ የጉሎ ፍሬ ቅርፊት ወጣ፤ ሦስቱ ክፍሉ ተከፍቶ፣ ውስጡ ባዶ። ግቢው ውስጥ ጉሎ ይበቅል ኖሯል። «ለታዴ ብሎ ነው» አሉኝ እትዬ ወርቄ እየሳቁ፣ እጄም ላይ አኖሩት። ሌላም ቀን መጣ፣ ሌላም ቀን።

ከእነዚያ ቀኖች በአንዱ፣ ስንመለስ፣ የባቡሩ ሐዲድ ጋ ቆም አሉ። «ታዴ፣ መርማሪው አንድ መልካም ሰው ነው ይላሉ። መሥሪያ ቤት ውስጥ ለእሱ የሚጠቅም ወረቀት ይኖር ይሆን?»

«የለም፣ እትዬ።»

«እስቲ ደህና አድርገህ ፈልግ።»

«ፈልጌያለሁ።»

አዩኝ። «እሺ፣ የኔ ልጅ» አሉኝ። ሐዲዱን ተሻገርን። እስከ ቤታቸው ስለ ሽንኩርት መወደድ እያወሩኝ ነው የሄድነው።

ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ ከሰዓት በር ላይ ያለው ወታደር ምግቡን አልቀበል አለ። «ከእንግዲህ አታምጪ» አላቸው። ዝርዝር አልነገራቸውም፣ እሳቸውም አልጠየቁም። ያ ቃል ምን ማለት እንደሆነ በዚያ በር የቆመ ሁሉ ያውቀዋል። እትዬ ወርቄ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። ሳህኑ እኔ እጅ ነው፣ ገና ይሞቃል። ለቅሶ መቀመጥም አልተፈቀደም ነበር፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው በማግሥቱ ገበያ ወጡ።

የጋሽ ገመቹን ወንበር እኔ ወረስኩት። ከዚያ በኋላ ያለው የሥራ ዘመኔ ብዙም የሚተረክ የለውም። መቂ ሠራሁ፣ ዓለም ጤና ሠራሁ፣ ተመልሼ ናዝሬት ሠራሁ። ያልዳበስኩትን አንድም ቀን አልፈረምኩም። ስንቱን ወጣት አስለቅሻለሁ። አንድ ልጅ ከዝዋይ ድረስ ሄዶ ሥሩን ሳይነቅል ቢመጣ ያንኑ ቀን መለስኩት። «ዳባሹ» እያሉ ያሙኝ ነበር። ይገባኛል። እነሱ ጥንቃቄ መስሏቸዋል፤ እኔ ግን አንዲቷን ዓርብ ነበር ዕድሜዬን ሙሉ ደግሜ ደጋግሜ የምሠራት።

መንግሥት ሲለወጥ ሰው ሁሉ ዘመዱን ፍለጋ ወጣ። የጋሽ ገመቹ አጥንት አልተገኘም። ያኔ መናገር እችል ነበር፣ የሚያስረኝ አልነበረም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ሐሰት ነው፤ ይነቅዛል። እኔ ውስጥ ነቅዟል። በየፋሲካው ከአልማዝ ጋር እትዬ ወርቄ ቤት እንሄዳለን፣ ዶሮ ይቀርብልናል፣ እበላለሁ። ጴንጤ ሆነው ለበዓል ቄጠማ ይጎዘጉዛሉ። «እሱ ይወደው ስለነበር ነው» ይላሉ። እኔ እግሬን ቄጠማው ላይ አድርጌ ስበላ ኖርኩ።

ዘንድሮ ቁልፉን አስረክቤ ቤት ስገባ ካርቶኑን አወጣሁ። አልማዝ ይህን ሁሉ ዓመት አሮጌ ጫማ መስሏት ነበር። ሁሉንም ነገርኳት። የታጨችበትን ዓርብ፣ «አዎ፣ ጋሼ» ያልኩትን፣ ሐዲዱ ጋ የዋሸሁትን፣ ምንም አላስቀረሁም። «እሁድ ስንሄድ ይዘኸው ትሄዳለህ» አለችኝ። እስከ እሁድ አብረን በላን እንጂ አላወራንም።

የእትዬ ወርቄ ዓይን ሞራ ከጋረደው ቆይቷል። በድምፅ ነው የሚለዩን። ስንገባ ሳሙንና አስቀመጡን። ምግቡ ሳይቀርብ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አደረግሁት።

«እትዬ፣ ያኔ የጠየቁኝ ወረቀት ነበረ» አልኳቸው። «እኔ ጋ ነበር። የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ሳልዳብስ ዳበስኩ ብዬ ዋሽቼ ነው ያስፈረምኳቸው።»

አልማዝ አንገቷን ደፍታለች።

«አውቃለሁ» አሉ እትዬ ወርቄ።

«ማን ነገረዎት?»

«እሱ ነዋ። ከእርሻው አቧራ ለብሶ የመጣ ዕለት። ልጁ አልዳበሰውም፣ እኔም አምኜው ፈረምኩ፣ አለኝ።»

«ታዲያ ያን ጊዜ ለመርማሪው ለምን አልነገሩትም?»

«ሚስት ብትናገር ማን ያምናታል? ወረቀቱ አንተ ጋ ነው።» እጃቸውን ዘረጉ። «እስቲ ስጠኝ።»

ሰጠኋቸው። ወረቀቱ ቢጫ ሆኖ ዳሩ ይፈረፈራል። በጣታቸው ጫፍ ቅጠሉን እየተከተሉ ወደ ታች ወረዱና አንገቱ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ደርቆ፣ ተለጥፎ፣ ይህን ሁሉ ዘመን በካርቶን ሥር ኖሮ፣ ጠርዙ አሁንም እንዳለ ነው። ቀስ ብለው ዳበሱት።

«ሦስት ነው አይደል?» አሉኝ።

«ሦስት ነው፣ እትዬ።»

«ይታወቃል እኮ» አሉ። «ለእኔ ለዓይነ ሥውሯ እንኳ ይታወቃል።»

ከጉልበቴ በታች ያለውን ቄጠማ ነበር የማየው። አልማዝ ስታለቅስ ይሰማኛል።

«እርሻው የጠራው ዕለት ጠዋት ጫማውን እያሰረ፣ ከያዙኝ አንቺ እንዳትናገሪ አለኝ» አሉ እትዬ ወርቄ። «ልጁ ሰው ፊት እንዳይሸማቀቅ፣ ራሱ ይምጣ፣ አለኝ። ሠርጉን ይጨርስና በሳምንቱ ወረቀቱን ይዞ ይመጣል፣ አውቀዋለሁ አለኝ። ሐዲዱ ጋ የጠየቅሁህ ያን ቃሉን እያሰብኩ ነው። ጉሎዋንም የሚልክልህ እየጠበቀህ ነበር።»

«ይቅር ይበሉኝ» አልኩ።

«እኔ ይቅር ካልኩህ ቆይቻለሁ፣ ያለዚያማ ይህን ሁሉ ፋሲካ ከማዕዴ አትበላም ነበር።» ወረቀቱን አጠፉትና ነጠላቸው ውስጥ አስገቡት፤ አልመለሱልኝም። «ግን በሳምንቱ ነበር ያለኝ፣ ታዴ። በሳምንቱ።»

ከዚያ አልማዝን ጠርተው ምግቡን እንድታቀርብ ነገሯት።